ምስጢር በሩቅ፦ ከአንበሳሜ ደብዳቤ እስከ ስልክ ላይ ምክር



የመጽሔታችን አዘጋጆች «የግቢ ትዝታህን ጻፍ» ሲሉኝ ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌው ሽሮና ስለ ጣና ዳር ሽርሽር ልጽፍ አስቤ ነበር። እሱን ግን ከእኔ አሳምረው የሚያወሩ ሞልተዋል። እኔ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ከአንድ የግቢ ጓደኛችን ጋር ያየሁት ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ስለዚህ ሌላ ታሪክ ልጽፍ ወሰንኩ። በአገራችን የጨነቀው ሰው ከሩቅ ሆኖ ምክር ሲያገኝ የኖረው በምን በምን መንገድ ነው? ዛሬ «ኦንላይን ካውንስሊንግ» የምንለው ነገርስ በየት በኩል ዞሮ አንበሳሜ ደረሰ?

ያነበብከውን እዚያው ተወው

ያደግኩት አንበሳሜ ነው። ለማታውቋት፣ አንበሳሜ በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የጎንደርን መንገድ ይዛችሁ ሐሙሲት ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ። ወረዳው በምዕራብ ጣናን፣ በደቡብ ዓባይን ይዋሰናል። እንዲህ ቅርብ ሆኖም፣ ልጆች ሳለን ባሕር ዳር መሄድ ማለት ሌላ አገር እንደ መሄድ ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ የሠፈራችን ደብዳቤ አንባቢ ሆንኩ። የብዙ እናቶች ልጆች በሰሜን ግንባር ነበሩ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «ያን ልጅ ጥሩልኝ» ይባላል፤ ቆሎ ይቀርብልኛል፤ ፖስታው ይቀደዳል። መጀመሪያ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር እኔ ደህና ነኝ» የምትለዋ የታወቀች ሰላምታ ትመጣለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን እውነቱ ይከተላል፦ እንቅልፍ እምቢ ማለቱ፣ የጓደኛ ሞት፣ ስለ ሚስት የተሰማ ወሬ። እናትየዋ ታለቅሳለች። ስትረጋጋ መልሱን እየነገረችኝ እጽፋለሁ። አንዳንዷ ቀድማ የነፍስ አባቷን ታማክርና «አባ እንዲህ ብለውሃል በልልኝ» ትለኛለች።

እናቴ ከዚያ ስመለስ ምን እንደ ተጻፈ ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ የሰው ጉዳይ ለወንድሜ ሳወራ ሰማችኝ። ጆሮዬን ይዛ «ያነበብከውን እዚያው ተወው!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልደገምኩም።

ነገሩ ምን እንደ ነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። በአንድ በኩል ጨነቀኝ የሚል ሰው አለ፣ በሌላ በኩል የሚመክር አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ ቃሉን የሚያሻግር። ከሩቅ የሚሰጥ ምክር ሁልጊዜም እነዚህ ሦስቱ አሉት። የዚያን ጊዜው ችግር ምስጢሩ በአንድ የአሥር ዓመት ልጅ አፍ ላይ መንጠልጠሉ ነበር።

ለቅርቡ ሰው ሌላ መንገድ ነበረው፤ ዛሬም አለው። የነፍስ አባት፣ ሽማግሌ፣ ዕድር፣ ሰንበቴ፣ ጸበል፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚወራበት ቡና። አንድ ሰው ሲሞትበት ቤቱ ለብቻው የማይተውበት ወግ ነው ያለን። ይህን ማንም የከተማ ቢሮ አይተካውም። ነገር ግን የዕድሩ ሰብሳቢ የሚስትህ አጎት ሲሆን፣ ቡና የምትጠጪባት ጎረቤት የባልሽ እኅት ስትሆን፣ ሊነገር የሚገባው ነገር ሳይነገር ይቀራል። የሩቅ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ርቀቱ ራሱ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

የተተከለውና የተነቀለው ሙያ

ሰውን ማማከር ሙያ ሆኖ፣ ትምህርትና ሥነ ምግባር ወጥቶለት ሲመጣ በርካታ ስሞች ያዘ፤ ከእነሱ አንዱ ሶሻል ወርክ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ ሪችመንድ እ.ኤ.አ. በ1917 የሙያውን ዘዴ በመጽሐፍ ስታወጣ ነገሩ የበጎ አድራጊዎች ርኅራኄ ብቻ መሆኑ ቀረ። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሲጨነቅ ጭንቅላቱን ብቻ ሳይሆን ቤቱን፣ ኪሱን፣ ቤተሰቡንና ጎረቤቱንም ጠይቅ ይላል። ክሊኒካል ሶሻል ወርከር የሚባለውም በዚህ ላይ የንግግር ሕክምና ሥልጠና የጨመረ ነው። ችግርህን ከሥሩ አዳምጦ ከአንተ ጋር ዕቅድ ያወጣል። መድኃኒት አያዝም፤ መድኃኒት ካስፈለገህ ወደ ሐኪም ይልክሃል።

ሙያው ወደ እኛም በጊዜ መጥቶ ነበር። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1964 ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ማድረግ ጀመረ። የተማረ ሰው ከገጠሩ ጋር ፊት ለፊት የተያየው በዚያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1974 በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የቀረው ከሶሺዮሎጂ ጋር ተቀላቀለ። የማኅበረሰብ ችግር በአብዮት ይፈታል በተባለበት ዘመን አንድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ «አንተስ እንዴት ነህ?» ማለት እንደ ጥቃቅን ነገር ታየ። ሙያው በራሱ ስም ሳይሰጥ ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። እነዚያ ሠላሳ ዓመታት ምን ዓይነት ዓመታት እንደ ነበሩ ለናንተ አልነግራችሁም፦ ቀይ ሽብር፣ የ1977ቱ ረሃብ፣ ሠፈራ፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም የተበተነው ሠራዊት። አገሪቱ እንዲህ ያለ ባለሙያ እጅግ ባስፈለጋት ጊዜ ሙያው አልነበራትም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነው። እኔ ደብዳቤ የማነብላቸው እናቶች ልጆች ከግንባር ሲመለሱ ማን ያናግራቸው ነበር? የተመለሱት ማለቴ ነው።

በዚያ ዘመን የእኛ ግቢ የራሱን ድርሻ ይዞ ነበር። ፖሊ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ደግሞ «ፔዳ» የሚለውን ስማችንን አወረሰን። እኛ በ1990 ስንገባ የመምህራን ኮሌጅ ነበር፤ በ1992 ከፖሊ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኔ የጂኦግራፊ ተማሪ ነበርኩ። ሁላችንም ግን የትምህርት ሥነ ልቡና እንወስድ ነበር። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ተማሪ ሲያለቅስ ወደ መምህሩ የሚላከው ለዚያ ይመስለኛል፤ ከመምህሩ በቀር ስለ ሰው አእምሮ በክፍል የተማረ ሰው በአካባቢው ስለማይገኝ።

ሙያው በራሱ ስም የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ዶክተር አብዬ ታሴ ነበሩ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር አሊስ ጆንሰን በተርፊልድም ብዙ ደክመውበታል። ዛሬ በጎንደርም በእኛው በባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት አለ። ወደ ጓደኛችን ታሪክ ስንደርስ ይህን ዓመት አስታውሱልኝ።

ስልኩ

ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን ሲገባ «ሰው በሌለበት ድምፅ የሚያወጣ ሰይጣን ነው» ያሉ እንደ ነበሩ ይነገራል። በሌላው ዓለም ይኸው ሰው የሌለበት ድምፅ የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፊያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻድ ቫራ የተባሉ የለንደን ቄስ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው የሚደውልበት ስልክ ከፈቱ፤ ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት የተነሣው ከዚያ ነው። የነፍስ አባት በስልክ በሉት።

እኛ ግቢ እያለን ስልክ ማለት ቴሌ ቢሮ ሄዶ መሰለፍ ነበር። ስምህ ሲጠራ ወደ ሳጥኑ ትገባለህ፤ መስመሩ ስለማይሰማ ትጮኻለህ፤ ተሰላፊው በሙሉ የእናትህን መታመም አብሮህ ይሰማል። ወጥተህ ስትሄድ የማታውቀው ሰው «እግዜር ይማራት» ይልሃል። ደግ ሕዝብ ነን፤ ምስጢር ግን አልነበረም።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነገሩ ተለወጠ። ስለ ኤች አይ ቪ የሚያማክረው «ወገን» የስልክ መስመር፣ ቁጥር 952፣ ሥራ ጀመረ። ጥሪው ነፃ ነው። ስምህን አትናገርም። በዚያ ማዶ ያለው የሠለጠነ አማካሪ ነው። የውጤት ወረቀት ይዞ ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት የጨነቀው ሰው፣ በአማርኛ፣ ፊቱን ሳያሳይ፣ ከማያውቀው ባለሙያ ጋር የሚነጋገርበት ቁጥር አገኘ። ስለ ኦንላይን ምክር ሲወራ ብዙዎች የሚጀምሩት ከውጭ አገር አፕሊኬሽን ነው። እኔ የምጀምረው ከ952 ነው።

በኢንተርኔቱ በኩልም ቀዳሚው ዩኒቨርሲቲ መሆኑ እኛን ደስ ሊለን ይገባል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ «አጎት ዕዝራ» ብለው በግቢው ኮምፒውተር ጥያቄ ይልኩ ነበር። ስም አይጻፍም፤ መልሱ ለሁሉም ይታያል። በእኛ አገር ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ግቢ ከመግባታችን ከወራት በፊት ማለት ነው። ለነገሩ የእኛ ባች ኢሜይል ምን እንደሆነ ያየው ሊመረቅ ሲል ነው።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄዱ። በዓለም ሁሉ ታካሚና አማካሪ አንድ ክፍል መቀመጥ ስላልቻሉ፣ እስከዚያ ድረስ «ይሆናል ወይስ አይሆንም?» እየተባለ ሲያከራክር የኖረው ነገር በሳምንታት ውስጥ ግድ ሆነ። በአዲስ አበባ ያሉ አማካሪዎችም በስልክ፣ በቴሌግራምና በዙም መሥራት ጀመሩ። በ2013 ቴሌብር ሲመጣ ደግሞ ከገጠር ከተማ ሆኖ ክፍያ መላክ ተቻለ።

አሁን ወደ ጓደኛችን ልምጣ። ይህን ጽሑፍ አስነብቤው «ጻፈው፣ ለሌላው ይጠቅማል» ብሎኛል፤ ስሙንና የሚታወቅበትን ነገር ግን አውጥቻለሁ። አንበሳሜ የሚያስተምር፣ በግቢያችን ቀልዱ የታወቀ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ በሰሜኑ ጦርነት ሞተበት። ለቅሶው በወጉ ተለቀሰ፤ ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ ተዝካሩ ወጣ። ሁሉም ካለቀ ከወራት በኋላ ግን እሱ እንቅልፍ አጣ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዘ ይቆማል። አንድ ቀን ደወለና «ሰዎቹ ሁሉ ማልቀሳቸውን ጨርሰዋል፤ እኔ ገና መጀመሬ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የሞከርነው አንድ ስሙን የማልጠራው አገልግሎት ነበር። አማካሪ የተባለው ሰውዬ ስልኩን ያነሣው ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ነው፤ የረዳቱ ጩኸት ይሰማ ነበር። ጓደኛዬ ስለ ወንድሙ ሊናገር አፉን ከፍቶ ዘጋው። የቴሌው ሳጥን ትዝ አለኝ። ዘመኑ ቢቀየርም በማዶ ያለው ሰው በሩን ካልዘጋው ያው ነው።

ከዚያ አንዲት የባቻችን ልጅ ጋር ደወልን። አሜሪካ ሄዳ ተምራ ክሊኒካል ሶሻል ወርከር ሆናለች። እዚያ ፈቃዱ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፤ ማስተርስ ትማራለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል በሌላ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ትሠራለህ፣ ፈተና ታልፋለህ። ሁለታችንም እሷ ራሷ እንድትይዘው ነበር ያሰብነው። «አይሆንም» አለች። ፈቃዱ የሚሠራው ታካሚው በሚገኝበት ግዛት እንደሆነ፣ አንበሳሜ ላለ ሰው የአሜሪካ ፈቃዷ እንደማይሸፍናት አስረዳችን። ቅር አለን፤ ጨከነች መሰለን። «ደግሞም» አለች፣ «እሱ ሌሊት ቢከፋው እኔ ማንን ልጥራለት? ፈለገ ሕይወት የት በኩል እንደሆነ እንኳ ረስቼዋለሁ።» ሳምንት ሳይሞላ አዲስ አበባ ያለች አንዲት ባለሙያ አገናኘችን፤ ያ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረች። ሠላሳ ዓመት ተዘግቶ የቆየ በር መከፈቱ ለአንድ የአንበሳሜ መምህር ምን እንደ ጠቀመ ያየሁት ያኔ ነው። ያ በር ባይዘጋ ኖሮ ስንት ሰው ይደርስ እንደነበርም አሰብኩ።

የመጀመሪያው ቀን ጥያቄዎቿ አስገርመውታል። «አሁን በትክክል የት ነህ? ክፍሉ ውስጥ ከአንተ ሌላ ማን አለ? በሩ ይዘጋል? መስመሩ ቢቋረጥ ማን መልሶ ይደውላል? አጠገብህ ሆኖ ሊደርስልህ የሚችል ሰው ማን ነው?» ስለ ሐዘኑ ከመጠየቋ በፊት እነዚህን ጠየቀች። ጓደኛዬ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። እሱ «ልጆቹ ይተኛሉ» ሲላት፣ «የማይሰሙ መስሎህ ነው?» አለችው። በመጨረሻ ለርዕሰ መምህሩ ምክንያቱን ሳይናገር የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ቁልፍ ለመነ። የተሰበሩ ዴስኮች፣ የካርታ ጥቅልሎችና አንድ ወንበር። ሐሙስ ማታ፣ አምሳ ደቂቃ።

ምን ምን ታደርጉ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። አስማት የለውም፤ የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት በደብተር ይጽፋል፤ ስለ ወንድሙ ሳይናገር የዘለለውን ትጠይቀዋለች፤ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ትንሽ ነገር ይስማማሉ። አንድ ሳምንት የቤት ሥራው ሚስቱን ይዞ ወደ ወንድሙ መቃብር መሄድ ነበር። መድኃኒት ሳያስፈልገው እንዳልቀረ ስትጠረጥር ደግሞ ፈለገ ሕይወት ሄዶ በሐኪም እንዲታይ ነገረችው፤ ሄደ። ለመካከለኛ ድብርትና ጭንቀት በቪዲዮ የሚሰጥ ምክር ፊት ለፊት ከሚሰጠው ብዙም እንደማያንስ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ያም ሆኖ ራሱን ለመጉዳት ላሰበ ወይም ከእውነታው ለራቀ ሰው በስልክ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው፤ በአካል የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል።

መስመሩ ሲቋረጥ

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ጠፋ። ለብዙ ወራት። ስለ ምክንያቱ እዚህ ልከራከር አልነሣሁም፤ ሁላችሁም በየበኩላችሁ ኖራችሁታል። እኔ የምጽፈው የዚያች ዕቃ ቤት ወንበር ምን እንደሆነች ነው። ቪዲዮው ቀረ። ሐሙስ ማታ በተራ ስልክ ሆነ፤ እሱም ሲገኝ።

ባለሙያዋ ግን ይህን የመሰለ ቀን ሊመጣ እንደሚችል ገና በሁለተኛው ሳምንት አስባ ነበር። አንድ ወረቀት አስጽፋው ነበር። ሲከፋው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ፣ ካልቀለለው ለማን እንደሚደውል፣ እዚያው ሠፈር ያለና በእግሩ ሊደርስ የሚችል ሰው ማን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ወደ የትኛው ጤና ተቋም እንደሚሄድ። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ነበር፤ አንዱ የእሱ ኪስ ውስጥ፣ ሌላው እኔ ጋር። ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ስልክ የእኔ ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ የዕድሩ ጸሐፊ ስም አለ፤ ጓደኛዬ ራሱ አስቦ፣ ፈርቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄዶ ያናገራቸው ሰው።

አንድ ሌሊት ደወለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ምንም አላለም፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ባለሙያዋን ሞክሯል፤ መስመሩ አልገባለትም። መኪና አስነሥቼ እንዳልሄድ መንገዱ ዝግ ነው። ጂኦግራፊ ስለተማርኩ ርቀት መለካት ይቀናኛል፤ ከባሕር ዳር አንበሳሜ እንደዚያ ሌሊት ርቆኝ አያውቅም። እኔ አማካሪ አይደለሁም። ወረቀቱን አውጥቼ የተጻፈውን አነበብኩለት፤ እንደ ልጅነቴ። ከዚያ በሚስቴ ስልክ ለዕድሩ ጸሐፊ ደወልኩ። ሽማግሌው አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። «እሺ ልጄ» ብለው ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። በስልኩ ውስጥ በሩ ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ «እኔ ነኝ፣ ክፈት ልጄ» የሚል ድምፅ። መስመሩን የዘጋሁት ሊነጋ ሲል ነው፤ ቡና እየተቆላ ነበር።

ጓደኛችን ዛሬ ያስተምራል። ሐዘኑ አልጠፋም፤ ይተኛል ግን። ቀልዱም ሙሉ በሙሉ ባይሆን ተመልሷል።

ታሪኩ የሚያስተምረን

ከደብዳቤ እስከ ቪዲዮ ያለውን ስደረድረው አንድ ነገር ይታየኛል። መሣሪያው ሲለዋወጥ የማይለወጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ምስጢር ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው ጤና መረጃ እንዲጠበቅ በሕግ ያዛል፤ እሰየው ነው። አዋጁ ግን አንበሳሜ ያለ አንድ ክፍል ቤት ላይ ግድግዳ አይጨምርም። ሁለተኛው የቅርብ ሰው ነው። በእኛ አገር ጥሩ የሩቅ አማካሪ ማለት የቅርቡን ሰው የሚተካ አይደለም፤ የቅርቡን ሰው መርጦ፣ አዘጋጅቶ፣ ከተጨነቀው ጋር የሚያገናኝ ነው። ያ ሌሊት የታለፈው በባለሙያዋ ወረቀትና በሽማግሌው ጋቢ ነው፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ባለሙያ ማሠልጠኑ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥራ ነው፤ መምህራኖቻችን ከኛ በላይ ያውቁታል። በስልክና በቪዲዮ ማማከርን፣ መስመር ሲቋረጥ የሚደረገውን፣ እንደዚያ ያለ ወረቀት ማዘጋጀትን የትምህርቱ አካል ቢያደርጉት ብዬ በትሕትና እለምናለሁ። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ የሌለን ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፍ ግን አለን። በየወረዳው ርዕሰ መምህር የሆነ፣ ጤና ጣቢያ የሚመራ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሠራ የፔዳ ልጅ አለ። በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ «ለምን ፈለግከው?» ብሎ የማይጠይቅ አንድ ቁልፍ ያዥ። በዘንድሮው ስብሰባችን ላይ ማኅበራችን የእነዚህን ክፍሎች ዝርዝር መያዝ እንዲጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቻለሁ፦ አንበሳሜ፣ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት። ርዕሰ መምህሩ በቅርቡ የተሰበሩትን ዴስኮች አስወጥተው ሁለተኛ ወንበር አስገብተዋል። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቁም።